ገዢ የሌለው ቀለም

ዘርአብሩክ ፕሮግራሙን ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የወረዳዎቹ ድንበር ተሰመረ፤ ቀጥሎ ቀለሙ ሞላ። ከጊምቢቹ ወዲያ፣ ከገደሉ ማዶ ያለችው ቀበሌ አሁንም አረንጓዴ ሆና ወጣች። ልምላሜዋ ደግሞ! የክረምት ሣር ነው የምትመስለው።

«ኧረ ተዋት፣ ዘሩ» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው ፀደንያ። «አሥር ጊዜ ብትጠይቀው ኮምፒውተሩ መልሱን አይቀይርም። እንደ አለቃችን ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ካርታው አንድ ሰው ከየቀበሌው በእግሩ ተነስቶ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ያሳያል። እስከ አንድ ሰዓት አረንጓዴ፣ እስከ ሁለት ቢጫ፣ እስከ ሦስት ቀይ። እኩል ሰዓት የሚፈጅባቸውን ቦታዎች ቀጭን መስመር እየዞረ ያገናኛቸዋል። ሆሳዕና ውስጥ ዘርአብሩክ የሚኖርበት ሰፈር ሰው ሥራው በቅጡ ስላልገባው «ቀለም ቀቢው» ነው የሚለው። አንዷ ጎረቤቱማ «አጥሬን መቼ ነው የምትቀባልኝ?» እያለች መግቢያ መውጫ ታሳጣው ነበር። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ግን እሷም ትታዋለች።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ወንዳፈረው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ።

«ታተመ?»

«አንድ ቦታ ይቀረኛል።»

«ምን ይቀራል! ስብሰባው እኮ ነገ ጠዋት ነው። የመጣው አምቡላንስ አንድ ነው፤ ቀለሙ በጣም የከፋበት ቦታ ይቆማል፣ አለቀ።»

«ይቺ ቀበሌ አረንጓዴ አይደለችም።»

አቶ ወንዳፈረው ጣቱ ያረፈበትን አዩ። የማን አገር እንደሆነች ያውቃሉ፤ ለቅሶ ደርሰዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፎርም አልላኩም እኮ፣ ልጄ። ባልተላከ ፎርም ቁጥር መፍጠር አንችልም።»

«ኮምፒውተሩ ፈጥሯል።»

«ምን?»

«አርባ ደቂቃ ይላል። አርባ ደቂቃውን ማን ላከው? ከጎረቤት ቀበሌዎች ቁጥር ተነስቶ ባዶውን ራሱ ነው የሞላው። ጎረቤቶቹ ደግሞ ከገደሉ ወዲህ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር ናቸው። ገደል መኖሩን አያውቅም።»

አቶ ወንዳፈረው መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አወረዱ።

«እንግዲያው የሚያውቅ ሰው አምጣ። ስም ያለው፣ በምን እንደለካ የሚናገር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅሃለሁ» ብለው ወጡ።

የሚያውቅ ሰው አለ። ዘርአብሩክ ዓመት ሙሉ ያልደወለለት ሰው ነው።

ሚስቱ ሊሻን ይህን ካርታ ከእሱ እኩል ታውቀው ነበር። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ስለነበራት የቀለም ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንላትም። መጀመሪያ የመረጣቸውን ቀለሞች አይታ «ዘሩዬ፣ ይሄ ካርታ ነው ወይስ የሙሽራ መኪና?» ብላ አንድ በአንድ አስቀይራዋለች። ከሦስት ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ቦታ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ መርጦ ነበር።

«ይሄንንስ አውጣው» አለችው።

«ምን አደረገሽ?»

«ሱቅ ውስጥ በዚሁ ቀለም አንድ ጣቃ ጨርቅ አለኝ፤ ሦስት ዓመቱ። ገዢ የለውም። ለቅሶ ለቅሶ ይላል።»

ከሦስት ሰዓት በላይ ብሎ የላከ ቀበሌ ስላልነበረ እሺ አላት። ቀለሙን የምታዘውን የፕሮግራሙን መስመር ግን ጨርሶ አላጠፋትም፤ ፊቷ ላይ አንዲት ምልክት አስቀምጦ ፕሮግራሙ እንዲዘላት አደረገ።

መውለጃዋ ሲቃረብ ከገደሉ ማዶ ወዳለችው ቀበሌ፣ እናቷ ዘንድ መሄድ አማራት። ታላቅ ወንድሟ ተክለጊዮርጊስ እዚያው ቀበሌ ሱቅ አለው። ሊጠይቃቸው መጥቶ ሳለ ይህን ሲሰማ «ክረምት ነው፤ እዚሁ ከተማ ብትሆን ይሻላል» አለ። ያኔ ነው ዘርአብሩክ ላፕቶፑን ወደ እነሱ ያዞረው። «አርባ ደቂቃ! አረንጓዴ ናት እኮ፣ እዩዋት!» ተክለጊዮርጊስ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና «የኛ ገደል እዚህ ውስጥ የለም» አለ። ሳቁበት። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ዘርአብሩክ ነበር።

በሐምሌ ከሊሻንም ከሕፃኑም አንዱ አልተረፈም።

ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ። በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ።

«ጋሼ ተክሌ… ዘርአብሩክ ነኝ።»

ወዲያ ማዶ ሚዛን ላይ ብረት ሲቀመጥ ተሰማ። «ቆይ፣ ስኳር እየመዘንኩ ነው» አለ ተክለጊዮርጊስ። ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። «እሺ፣ ተናገር።»

«ደህና ነዎት? እማማስ?»

«አለን። ደህንነታችንን ልትጠይቅ ግን አይደለም የደወልከው።»

«አይደለም። ያን ቀን…» የበረንዳውን በር ከኋላው ዘጋ። «ያን ቀን ከቤት እስከ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?»

ዘርአብሩክ ስድብ ጠብቆ ነበር። ቢሰደብ ይቀለው ነበር።

«ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው» አለ ተክለጊዮርጊስ። «መቃብሯ ላይ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር፤ አልጠየቅህም። ለአርባዋ ሲመጣ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር፤ አልመጣህም። አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቃሬዛውን ያነሳነው ልክ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ በገደሉ መውረድ አልተቻለም፤ በድልድዩ ዞርን። ስምንት ሰው እየተቀያየርን። መጀመሪያ ላይ ታወራ ነበር። ‹ዘሩ አርባ ደቂቃ ብሎኛል፣ ደረስን አይደል?› ትለኛለች። አዎ፣ ደረስን እላታለሁ። ድልድዩን ስንሻገር መጠየቁን ተወችው። ደጁ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር።»

«በምን አዩት?»

«እጇ ላይ ባለው ሰዓት። አንተ በገዛህላት። ክንዷ ከቃሬዛው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ልመልሰው ስል አየሁት።»

ዘርአብሩክ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ…»

«አውቃለሁ። እኔም ስትስቁብኝ ዝም ብያለሁ። ወንድሟ ነኝ፤ አትሄድም ማለት እችል ነበር።» ተነፈሰ። «ቁጥሩን ምን ልታደርገው ነው?»

«ካርታው ላይ ላስገባው። የእርስዎ ስም ይጻፍበታል።»

«ጻፈው። ገደላችንን አስገባልን።» ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። «በል፣ ስኳሩን የሚጠብቅ ሰው ቆሟል።»

ዘርአብሩክ ተመልሶ ሲገባ ፀደንያ ፊቱን አየችና በአፏ ጫፍ የነበረውን ቀልድ ዋጠችው። ሰንጠረዡን ከፈተ። ስልሳ አንድ ቀበሌ ነው። «በምን ተለካ» ከሚለው ሥር ስልሳዎቹ «በግምት» ይላሉ። ባዶው ረድፍ ላይ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አስገባ። መረጃ ሰጪ፦ ተክለጊዮርጊስ፣ የሟች ወንድም። በምን ተለካ፦ በሟች የእጅ ሰዓት።

ፕሮግራሙን አስነሳው። ከገደሉ ማዶ ቀዩ ክብ ሠርቶ ወጣ፤ መሐሉ ላይ ግን ነጭ ሆነ። ሰው የሌለበት አገር ይመስል ባዶ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ፀደንያ።

«አልተበላሸም። ከሦስት ሰዓት በላይ ቀለም አልሰጠሁትም። ቀለም ያልተሰጠውን ባዶ ያደርገዋል።»

«ታዲያ ሦስት ሰዓት ብለህ አስገባውና በቀይ ይለፍ። ሰዓቱ ደርሷል፣ ዘሩ። ማን ያየዋል?»

«አምናም ማንም አላየውም» አላት።

ወደ ፕሮግራሙ ተመልሶ ቀለሞቹ ወደተደረደሩበት ወረደ። ያቺ መስመር እዚያው አለች፤ ፊቷ ላይ ያለችው ምልክትም እንዳስቀመጣት። ሊሻን ከኋላው ቆማ፣ አገጯን ትከሻው ላይ አሳርፋ «አዎ፣ እንዲህ ይሻላል» ያለችበት ቦታ ነው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ምልክቷን አጠፋት።

ቀለሙ ሞላ። ነጩ መሐል ወይን ጠጅ ሆነ፤ ከካርታው ሁሉ እሱ ብቻ የሚታይ እስኪመስል ድረስ።

«ኡ! ያስፈራል» አለች ፀደንያ። «ሌላ ቀለም የለህም?»

«አለኝ» አለና ማተሚያውን ከፈተ። ወረቀቱ እየተንቋቋ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ፣ ለፀደንያ ሳይሆን፣ በቀስታ ተናገረ።

«ሊሻንዬ፣ ገዢ ተገኘለት።»