በአባቷ ፊት

…ጥፊውንስ ትችለው ነበር፣ ጥፊ ምን አላት፣ ጉንጭ ነው፣ ይቀላል ይበርዳል፣ ግን ለምን ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ለምን አባቷ አግዳሚው ላይ በተቀመጡበት ቀን፣ ትላለች ፌኔት በሆዷ፣ ከሆስፒታሉ በር ወደ ሰበታው ታክሲ መያዣ ቁልቁል እየወረዱ፣ አባቷ ኦቦ ዱቤ ከፊት፣ እሷ የነርስ ጋውኗን እንኳን ሳታወልቅ ከኋላ፣ ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል፣ አባባ ዳር ዳሩን ይያዙ፣ አይሰሙም፣ ወይም ሰምተው ነው።

ስንት ጊዜ ነው ልምጣና ስራሽን ልየው ያሏት፣ ስንት ጊዜ ነው አይመችም አባባ፣ በሽታ ይይዝዎታል ብላ የመለሰቻቸው። ሱሉልታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሀኪሟ የዱቤ ልጅ ነው የሚላት፣ ላም የታመመችበት ሳይቀር ይደውልላታል። ዛሬ ሳይነግሯት መጡ። እርጎ በጀሪካን አንጠልጥለው፣ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴትዮ ያቺ ነጭ የለበሰችው የኔ ናት ሲሉ ሰምታለች፣ ሰምታ ደስ ብሏት ነበር፣ እውነት፣ እንደ ሙሽራ ነበር የተራመደችው። ሞኝ።

ከዚያ ሰውየው። የጥጉ አልጋ አስታማሚ። እናቱን አስተኝቷል፣ የታዘዘላቸው መድኃኒት እዚህ የለም ከውጭ ግዛ ተብሏል፣ ሰበታን ዞሮ አጥቶ፣ ዓለም ገና ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል፣ ይገባታል፣ እናት ናት፣ እሷስ ብትሆን፣ ግን መድኃኒቱን እሷ አልደበቀችውም፣ ወንድሜ ትንሽ ታገሰኝ፣ ሌላ በሽተኛ ይዣለሁ ነው ያለችው፣ በቃ ይችኑ፣ ሮዳስ ስራ ከለቀቀች ወዲህ በቦታዋ የተተካ ነርስ የለም፣ ለክፍሉ ሁሉ ብቻዋን ነው የምትሯሯጠው፣ ምሳ ምን እንደሚመስል ረስታዋለች፣ ይሄን ለሱ ማን ይንገረው። አንቺ ደሞ ምናባሽ ነሽ፣ መርፌ ወጊ፣ አላት። ከዚያ ጥፊ። ጧ። ከኮሪደሩ አግዳሚ አባቷ እያዩ።

ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ተመስገን አለች፣ እሷን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ሲስተር፣ ከአስታማሚ ጋር ምን ያጨቃጭቅሻል፣ በአግባቡ አስተናግጂ እንጂ፣ አለና በሩን ዘጋ። ዘጋው።

አባቷ ተነሱ። ዱላቸውን ይዘው ሲነሱ አየች፣ አይ አባባ፣ እንዳይመቱት፣ አይ፣ ይምቱት፣ አንዴ ብቻ ይምቱልኝ፣ እንዲህ አስባለች፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አስባለች። ኦቦ ዱቤ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ወደ ወገባቸው አወረዱ፣ ልጃቸው በሚሆን ጎረምሳ ፊት ጎንበስ አሉ፣ ጌታዬ ይማሩልኝ፣ ልጅ ናት፣ አጥፍታ ነው፣ ስለ እናትዎ ብለው ይማሩልኝ።

አጥፍታ ነው። አባቷ።

ልትቆጣቸው ትፈልጋለች፣ የጎበጠ ጀርባቸውን ታያለች፣ ቁጣው ይቀልጣል። ታክሲው ጋ ሲደርሱ አባቷ ይዞራሉ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከስራ እንዳያስወጡሽ ብዬ እኮ ነው። አውቃለሁ አባባ። ሰው ሲቆጣ እኛ የምናውቀው መለመን ነው። አውቃለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ኧረ አይደለም፣ ዛሬ ነው፣ እናቱ ታመውበት ነው እንጂ እኛን እኮ በጣም ነው የሚያከብሩን፣ ትላለች፣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላታል፣ ባለፈው እግሯ ስር የተፋውን ሌላ አስታማሚ፣ አንቺ ልጅ እያለ በጣት የሚጠራትን ሁሉ ዋጥ አድርጋ። አባቷ ጉንጯን ያያሉ፣ እጃቸው ይነሳል፣ ሳይነካት ይመለሳል። ለእናትሽ አልነግራትም፣ ይላሉ። አየር ጤና አየር ጤና፣ ይላል ረዳቱ፣ ፋዘር ይግቡ፣ ቦታ አለ። ይገባሉ። በመስኮቱ እንኳን ይዩኝ። አያዩም።

ስልኳ ይጮሃል፣ የጽዳት ሰራተኛዋ ጠጅቱ ናት፣ ሲስተር የት ነሽ፣ የጥጉ አልጋ እናት ግሉኮሱ ከደም ስራቸው ወጥቶ እጃቸው አብጧል። አልመለስም፣ ጋውኑን እዚሁ ድንጋይ ላይ ጥዬ፣ የሚቀጥለው ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ አባቴን ተከትዬ፣ ማንም ሲስተር የማይለኝ ቦታ፣ እግሯ ግን ዳገቱን ጀምሯል።

ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ነው። ሲያያት ይነሳል። የእናቱን ክንድ ደግፎ ይይዝላታል፣ የመታት እጅ ነው፣ አትይው፣ ደም ስሩን ብቻ እይ፣ ቀጭን ነው፣ ይሸሻል፣ አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ የኔ ልጅ ይላሉ፣ እሺ እማማ፣ ቀስ፣ ይኸው ገባ። ፕላስተር ትለጥፋለች። ሲስተር፣ ይላል ሰውየው፣ ድምፁ ወርዷል፣ እኚያ ሽማግሌ አባትሽ ናቸው? አዎ። ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እኔ ፊት ትልቅ ሰው ያጎነብሳል እንዴ፣ በጣም ነው ያፈርኩት፣ እባክሽ አባትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

እሺ ትላለች፣ እጠይቅልሃለሁ፣ አባቷን፣ ጓንቷን ታወልቃለች፣ የግሉኮሱን ጠብታ ታስተካክላለች፣ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች፣ ምናልባት ይቀጥላል፣ ለሷ የሚሆን አንድ ቃል ነው የቀረው፣ ቆማ ትጠብቃለች፣ ሰውየው የእናቱን እግር በብርድ ልብሱ ይሸፍናል፣ ከወዲያ ሌላ በሽተኛ ሲስተር ይላል፣ መጣሁ ትላለች፣ አትሄድም፣ አሁንም ትጠብቃለች፣ ሲስተር፣ መጣሁ፣ መጣሁ፣