አማቷ «እርስዎ» ያሏት ምራት

ምራቲቱ እንጀራዋ ቃላት መፍታት ነው። መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ፣ አንድ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ስትጽፍና ስትሰርዝ ትውላለች። ያን ሰሞን የደረሷት የሳቅ ቃላት ነበሩ፤ ቀልድ፣ ፌዝ፣ ቧልት፣ ለበጣ፣ ሽሙጥ፣ ምጸት። አይ ዕድል! ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ ቀልድ የማይገባት እሷ ብቻ ነበረች።

አማቷ ደግሞ አናጢ ናቸው። ሁሉም አብረው ከሚኖሩበት ቤት ሥር ባለው ወርክሾፕ፣ በእንጨት ፍቅፋቂና በማጣበቂያ ሽታ መሐል ሲሠሩ ይውላሉ። እሳቸው አንድ ነገር ቀጥ አድርገው ሲናገሩ የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። አብሯቸው የሚሠራው ልጃቸው፣ የሷ ባል ማለት ነው፣ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ሲያስረክባቸው፣ «ሙዚቃ ክፈቱለት፣ መደነስ ፈልጓል» ይላሉ። ሚስታቸውን፣ «ይህች ሴትዮ ጥላኝ ልትሄድ ካሰበች ስንት ዓመቷ! ጫማዋ ጠፍቶባት ነው የቀረችው» ይሏቸዋል። ሚስትየዋም አያንሱም፣ «የደበቅከው አንተ!» ብለው ይመልሱላቸዋል።

ለምራቲቱም ድርሻዋ አልቀረባትም። ከምሳ ስታረፍድ፣ «ምነው ተጣደፍሽ? እራት መች ደረሰና!» ሾርባው ጨው ሲበዛበት ደግሞ፣ «ጨው ጠፍቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ እኛ ቤት ገብቶ ነው።» ቤቱ በሳቅ ሲያውካካ እሷ ብቻ ትቀላለች። ቃል ስትመዝን የምትውል ሰው አይደለች? የእሳቸውንም ቃል አንድ ባንድ ትመዝንና እንቅልፏን ታጣለች።

አንድ ቀን መረራት። «አባትህ አይወዱኝም» አለችው ባሏን። «ወይ ይተዉኝ፣ ወይ ሌላ ቤት እንከራይ።»

«ኧረ አባባ ጸባያቸው ነው...»

«ጸባያቸውን ለሌላ ሰው ያድርጉት!»

ምን ያድርግ፣ ወርዶ ነገራቸው። ሽማግሌው መላጊያቸውን አስቀመጡ። «እንደዚያ ተሰምቷት ነው?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ?»

አማት ምራቱን «እርስዎ»! እንግዲህ እዩት። እሷ ግን መጀመሪያ ደስ አላት፤ መከበር እንዲህ ነው አለች በሆዷ። ብታረፍድ «ምሳዎ ተቀምጦልዎታል»፣ ሾርባውን ብታሳርር «እጅዎ ይባረክ»። ሳምንት አልፎ ሌላው ሲተካ ግን ነገሩ ይጎረብጣት ጀመር። ቀልዱ ከገበታው ዳር ዳር ይወረወራል፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሳህኗን ዘሎ ያልፋል። ስትገባ ሳቅ ይቋረጣል። ባሏ በአባቱ ሲቀለድበት ስታይ ቅናት ቢጤ ይቆነጥጣት ጀመር። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና አረፈችው።

በቢሮዋ አንድ ደንብ አለ፤ ለማንኛውም ቃል ከሰው አፍ የተሰማ ምሳሌ ካልቀረበ ፍቺው አይጸድቅም። የሽሙጥ ተራ ሲደርስ አማቷ ድሮ ዓይን ዓይኗን እያዩ ያሏትን ሁሉ፣ ጨውንም እራትንም፣ በስብሰባው መሐል ለባልደረቦቿ አነበበችላቸው። ሰዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ዋናዋ አራሚ፣ በዚህ ሥራ ፀጉራቸውን ያሸበቱ ሴት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ሽሙጥ አይደለም» አሏት። «ሽሙጥ ሰው ለመውጋት ነው፤ ወግቶ ዞር ይላል። እኚህ ሰው ዓይን ዓይንሽን እያዩ ነው የሚናገሩሽ። ይሄ ምጸት ነው፣ ተቃራኒውን ተናግሮ መቀለድ፤ መልስሽን እየጠበቁ ነበር። ለመሆኑ አሁን ምን ይሉሻል?»

«እርስዎ... እርስዎ ይሉኛል።»

«ውይ ጉድሽ!» አሉ ዋናዋ አራሚ።

ያኔ ገባት። የማትወደድ መስሏት ከወዳጆቿ መሐል በገዛ እጇ ወጥታለች። እንዴት ትመለስ? ይቅርታ ብትጠይቅ በአክብሮት ይቅር ይሏታል፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ያላት መንገድ አንድ ነው፣ መቀለድ። እሷ!

እሑድ ምሳ ላይ ተዘጋጅታ ቀረበች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት ወጣት ሆነዋል!» አለች። ማንም አልሳቀም። ደንግጣ፣ «ይህን ያልኩት በተቃራኒው እንዲወሰድልኝ ነው» ስትል ጨመረችበት። ባሏ ፊቱን በናፕኪን ሸፈነ። ሽማግሌው ግን ከወንበራቸው ከፍ ብለው እጅ ነሷት። «ገብቶኛል እመቤቴ፤ አመሰግናለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

ለካ ሽማግሌው ያን ዕለት ምሳ ላይ፣ ቢሮ ማቀርቀር ያሳመመውን ወገቧን ስታሽ አይተዋት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ወርክሾፑ ውስጥ ሲያንኳኩ ሰነበቱና፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር ተሸክመው ወጡ። መደገፊያው ጎበጥ ያለ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ለሷ ቁመት ተለክቶ የተሠራ። «ይሞክሩት እስቲ» አሉ። «ካልተመቸዎ አስተካክላለሁ።»

ተቀመጠች። ወገቧ ከስንት ጊዜ ሕመም በኋላ እፎይ አለ። እንዲህ ያለ ወንበር ለማይወዱት ሰው አይሠራም። «እጅግ አመሰግናለሁ» ከንፈሯ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጠቻት። አማቷን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለች ኮስተር ብላ። «አናጢ ብናስጠራ ይሻል ነበር።»

የአማቷ ሚስት ጭልፋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ባሏ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ «ማለቴ...» ልትል ምላሷን በላት፣ ግን ነከሰችው።

ሽማግሌው ወንበሩን አንዴ ዞሩት። እግሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ቀና አሉና፣

«ወንበሩስ ደህና ነበር» አሉ፤ «የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ እንጂ! ቀና በይ አንቺ! እንደ ጎበጠ ሚስማር ተሰክተሽበት ስሜን ልታስጠፊ ነው?»

ባሏ ሳቁን ለቀቀው። እናቱ ጭልፋውን ጥለው ሆዳቸውን ያዙ። እሷ ደግሞ ሳቅ ብላ ጀምራ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ቢያብሱት የማያባራ እንባ።

ሽማግሌው ክው አሉ። ፈጥነው አጠገቧ ተንበረከኩ። «ምነው ልጄ? ዛሬም አስቀየምኩሽ?»

«አይ አባባ» አለች ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጋ፤ «ስንት ቀን ሙሉ የቀረብኝ ቀልድ አለ። ይቀጥሉ።»