ሁለት ሁለት ምስማር

እህቴ የጠራችኝ ለእንጨት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ለዳኝነትም ጭምር እንጂ። የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ከላይ ጥጉ ላይ ጠቁሯል፣ ኮርኒሱ አብጧል፣ ከውጭ ደግሞ የጣሪያውን ጠርዝ የሚከፍፈው ጣውላ አንድ ጫፉ ተንጠልጥሏል። እርጥበቱ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጥፋተኛውን ግን ያኔውኑ አግኝታዋለች። ባሏ ነው።

«አሸንዳውን ጥረግ ስለው ጠረግኩ ይለኛል። የእሱ ጠረጋ ታየኝ! ይኸው ውሃው ወደ ውስጥ ተመለሰ። አንተ አናጺ ነህ፣ ወጥተህ እይና ፊት ለፊት ንገረው» አለችኝ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

ባሏ፣ ጋሼ፣ መሰላሉን ያዘልኝ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእህቴ ጋር ወግኜ ነበር። በተሰበሰብን ቁጥር «ጋሼ እኮ ጠመኔ እንጂ መዶሻ አያውቅም» እያልኩ ልጆቹ ፊት አስቄበታለሁ። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር።

ወጣሁ። መጀመሪያ አሸንዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ንጹሕ ነው። አንዲት ደረቅ ቅጠል የለችበትም፣ ማያያዣዎቹም ጥብቅ ናቸው። ግራ ገባኝ። የተንጠለጠለውን ጣውላ ነቅዬ ገለበጥኩት። የፊቱ ቀለም ደህና ነው፤ ጀርባው ግን በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል። ዝናብ ያበሰበሰው እንጨት ከፊቱ ነው የሚጀምረው። ከጀርባው ከበሰበሰ እርጥበቱ የመጣው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱና የማድቤቱ እንፋሎት ጣሪያው ሥር ይገባና መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

መውጫማ ነበረው። ከጠርዙ ሥር ያለው የውጭ ኮርኒስ ሲሠራ ቡጢ የሚያሳልፉ የአየር ቀዳዳዎች ተትተውለት ነበር። አንገቴን አጠፍ አድርጌ ሳይ ሁሉም በእንጨት ተደፍነዋል። በእያንዳንዱ ድፍን ላይ ምስማሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እርስ በርስ ተጋድመው ተመትተዋል። እንደዚያ የሚመታ አናጺ አንድ ብቻ አውቃለሁ። እንደዚያ የተመታ እንጨት አይነቀልም እያልኩ ስንት ቦታ ጉራዬን ነዝቻለሁ!

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ወፎች በቀዳዳዎቹ ገብተው እህቴን እንቅልፍ ነሷት። መጣሁ፣ በግማሽ ቀን ደፈንኩላት፣ ተመርቄ ሄድኩ። ወንፊት ሽቦ ብመታበት ኖሮ ወፉን ከልክሎ አየሩን ያሳልፍ ነበር። ሽቦ ለመግዛት ተመልሼ መሄድ ታከተኝ።

«እህ፣ ምን አገኘህ?» አለች እህቴ ከታች።

አሸንዳው ነው ብል ማን ወጥቶ ያጣራል? ጣውላውን ለውጬ፣ ቀዳዳዎቹን ዝም ብዬ ከፍቼ፣ ስሜን ይዤ እወርዳለሁ። ወደ ታች ሳይ ጋሼ ቀና ብሎ ያየኛል፤ መሰላሉን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞልኛል። አፈርኩ።

«እታለም፣ አሸንዳው አይደለም። አሸንዳውማ ከእኔ ቤት አሸንዳ ይሻላል። ቤትሽን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ ቀዳዳዎቹን ስደፍን። ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

እህቴ ቀና ብላ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች አየች።

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ በዚያው ቀስ ባለ ድምፁ። «በየዓመቱ አሸንዳውን ስጠርግ አያቸዋለሁ። ቤቱን እንደሚያፍኑት ገብቶኝ ነበር። አንዴ ልነቅላቸው መዶሻ ይዤም ወጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውካቸው?» አልኩት።

ጋሼ ዞሮ እህቴን አያት።

«ውረድ ብዬው ነው» አለች እህቴ፣ መሬት መሬት እያየች። «ባለሙያ የሠራውን እንዳታበላሽ ብዬው።»

ከዚያ መጥታ መሰላሉን ከባሏ እጅ ተቀበለችው። «አንተ ውረድ» አለችኝ። ወረድኩ። የምስማር መንቀያውን ከእጄ ወስዳ ለእሱ ሰጠችው።

«እኔ እይዝልሃለሁ፣ ውጣ።»

ጋሼ ወጣ። ምስማሮቼ አስቸገሩት፤ የመጀመሪያዋን ድፍን ለመንቀል ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። እኔ ልርዳህ አላልኩትም፤ እህቴም ቶሎ በል አላለችውም።