ግፊ፣ ጎትቺ፣ ተናገሪ

አባቴ በር ዘግቶ አያምንም። ይዘጋል፣ እጀታውን መለስ ብሎ ይጎትታል፣ ከዚያ በቀኝ እጁ ጣት በሩ ላይ ቀስሮ «ተዘግቷል፤ ልክ!» ይላል። ጮክ ብሎ ነው የሚለው፣ ቤት ውስጥ ብቻውን ቢሆንም። ጋዙንም እንዲሁ፣ የሩዝ ማብሰያውንም እንዲሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከባቡር ጭራ ላይ ቆሞ በር ሲዘጋና ፊሽካ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ኮፍያውን ተረከቡት፤ ጣቱን ግን የተረከበው የለም።

እኔ ልጁ ደግሞ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ማሰር የማልችል ሰው ነኝ። ዕቃ ሳደርስ የመኪናዬን ሞተር ሳላጠፋ ነው የሰው ደጅ የማንኳኳው። እናቴ በሕይወት ሳለች «ናትሱሜ የተወለደችው ባቡር እያመለጣት ነው» ትል ነበር። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ባቡሩን ገና አልያዝኩትም።

ያን የጥር እሁድ ግን ችኮላዬ ከወትሮው ባሰ። ጫካ ውስጥ በአሻንጉሊት ጠመንጃ እየተታኮስን የጦርነት ጨዋታ የምንጫወትበት ቡድናችን ሙኩዶሪ ይባላል፤ ማታ ማታ በጣቢያ ዛፎች ላይ የሚንጫጩት ወፎች ስም ነው፣ ያወጣውም አባቴ ነው። ጉልበቱ ከድቶት ጫካ ውስጥ መንበርከክ ካቃተው ሰንብቷል። ቡድኑን ሲመራ የኖረው ከባቡር ይዞት የወጣውን የነሐስ ፊሽካ አንገቱ ላይ አድርጎ ነው፤ በዚያ ቀን ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ፊሽካውን ወይ ለእኔ ወይ ለቡድናችን ፈጣን ልጅ ለኩጊሚያ እንደሚሰጥ ነግሮናል። «እጁን ላመንኩት ሰው እሰጠዋለሁ» ነው ያለው። እጅ ማለቱ ፍሬ የሚሞላበትን የጠመንጃ ካዝና መቀየር ማለቱ ነው።

ፊሽካውን እፈልገው ነበር፣ አልዋሽም። ከፊሽካው በላይ ግን ሌላ ነገር እፈልግ ነበር። አባቴ ለጋዝ፣ ለቧንቧ፣ ለጎረቤት ድመት ሳይቀር «ልክ!» ይላል። እኔ ካዝና ስቀይር አይቶ አንድም ቀን ብሎልኝ አያውቅም።

ጠዋት፣ ቀርከሃው ላይ ያለው ውርጭ ሳይቀልጥ፣ የመሰናጃው ዳስ ውስጥ ካዝናዎቻችንን ጠረጴዛው ላይ ደርድረን ነጫጭ የፕላስቲክ ፍሬዎች እናጎርሳቸዋለን። ጠምዝዘው የሚሞሏቸው ትልልቆቹ ካዝናዎች በዚህ ውድድር ክልክል ናቸው፤ ትንንሾቹን ብቻ ይዞ መግባት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ቶሎ መቀየር ላይ ይወድቃል። የቆመ ጣት የሞተ ሰው ነው፣ እንላለን።

«ጥረጊያቸው» አለኝ አባቴ ጨርቅ እየሰጠኝ።

«ንጹሕ ናቸው እኮ አባዬ።»

«ጥረጊያቸው አልኩ። ትናንትና ጭቃ የነካው ካዝና ዛሬ አይገባም።»

ጠረግኳቸው። ጥቁር ብረታቸው መስታወት እስኪመስል ጠረግኳቸው፣ በእልህ። ኩጊሚያ ከጎናችን ቆሞ ስልኩን የዳሱ ምሰሶ ላይ ሰክቶ ራሱን ይቀርጻል። የስልክ መደብር ሻጭ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እጁ እንደ ቁማርተኛ እጅ ፈጣን ነው። አሮጌውን ካዝና ሲለቅ አዲሱ ከየት እንደመጣ አይታይም።

«አየሽ፣ እትዬ ጥድፊያ?» አለኝ ለስልኩ ፈገግ እያለ። «ፍጥነት እንዲህ ነው። ያንቺ ችኮላ ነው።»

«አንተ ዘናጭ፣ ፍሬ ሲመጣብህ ስልክህን ከፍተህ ታሳየዋለህ እሺ?»

አባቴ ሁለታችንንም ከቁብ ሳይቆጥር የራሱን ጠመንጃ አነሳ። ክርኑን ከጎድኑ አጣበቀ። ጠመንጃውን ወደ ደረቱ አልቀበረውም፤ ዓይኑ ሥር አቆመው፣ ካዝናውን እያየ ከፊቱም ያለውን እንዲያይ። አመልካች ጣቱን በካዝናው ፊት ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየመራ አስገባው። ገፋ። መልሶ ወደ ታች ጎተተ። ጣቱን ቀስሮ «ይዟል፤ ልክ!» አለ። ከአጠገባችን የነበሩ ወጣቶች ሳቁ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማፍረው በዚህ ነው።

«ድምፁን አትመኚው» አለኝ። «ቀጭ የሚል ነገር ብዙ ነው። የያዘ ነገር ግን ሲጎትቱት አይመጣም። ግፊ፣ ጎትቺ፣ ተናገሪ።»

«እስክናገር ይገድሉኛላ።»

«ይግደሉሽ።»

ዳኛዋ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ የሜዳውን ሕግ አነበነበች፤ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን። መነጽር አይወልቅም። ፍሬዋ ሰው ላይ ምልክት ስለማትተው የተመታ ሰው ራሱ ነው እጁን አንስቶ «ተመታሁ!» የሚለው፤ ልብስም ሆነ ጠመንጃ ወይ ካዝና ብትነካ ያው ሞት ነው። ተመትቶ ዝም ያለ ዞምቢ፣ የሚራመድ ሬሳ፣ ነው። ዞምቢ የተባለ ሰው ስሙ ከሜዳ ሜዳ እየዞረ፣ በምሳ ሰዓት ካሪ የሚባለው ወጥ በሩዝ ሲበላ እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣል።

ከምሳ በፊት ተዋረድኩ። ከበርሜሎቹ ጀርባ ተንበርክኬ ባዶውን ካዝና አወጣሁ፤ ወገቤ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ መጣል ሲገባኝ በጥድፊያ ከመጣበት ኪስ መልሼ ሻጥኩት። ከዚያ ያንኑ ባዶ ካዝና መዝዤ ጠመንጃዬን አጎረስኩ። ጠመንጃው ትር ትር አለ፣ አንድም ፍሬ አልወጣም። ተቃራኒያችን የነበረው፣ ቶፉ የሚባል የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ጺማሙ ኢሶቤ በእግሩ እየተራመደ መጥቶ፣ በትሕትና፣ ትከሻዬን በእጁ መታ አደረገኝ። እንዲያ መሞት በፍሬ ከመመታት የከፋ ነው። ቀና ስል አባቴ ከመመልከቻው ሰገነት ላይ ቆሞ ያየኛል። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

ካሪዬን ግማሹን ትቼ ተነሳሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ከወዲህ ወዲያ እየተመላለስኩ ባዶ ካዝና አወጣለሁ፣ ከረጢት ውስጥ እጥላለሁ፣ አዲስ አስገባለሁ፣ እጎትታለሁ። እጄ ከውርጩ የተነሳ አይታዘዘኝም። «ይዟል» የሚለውን በከንፈሬ ብቻ አልኩት፤ ሰው ይሰማኛል ብዬ።

የመጨረሻው ጨዋታ የሚያበቃው ተቃራኒ ሰፈር ያለው ጡሩንባ ሲጮህ ነው፤ ያስጮኸው ያሸንፋል። ሽልማቱ አንድ ጆንያ ሩዝ ነው። ሩዝ ማንም ቤት አለ፤ ግን የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ ከሜዳ መውጣት የሚያስቀና ነገር ነው። ተታኩሰን፣ ተጨራርሰን፣ በመጨረሻ ከእኛ ወገን እኔና ኩጊሚያ፣ ከእነሱ ኢሶቤ ብቻ ቀረን። ኢሶቤ የተጣለች አሮጌ መኪና ጀርባ ሆኖ ጡሩንባውን ይጠብቃል። እኔ በጣውላ አጥር ተከልያለሁ። ኩጊሚያ ከግራዬ ቦይ ውስጥ ተኝቷል።

«እትዬ!» አለ በሹክሹክታ። «ልሮጥ ነው። አንገቱን እንዳያወጣ ያዥልኝ!»

«ቆይ፣ ካዝናዬ ሊያልቅ ነው። ልቀይር!»

«ቀይሪያ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ባዶ እስኪሆን አልጠበቅሁም። የእኛ ጠመንጃ ካዝናው ወልቆም አንዲት ፍሬ ጉሮሮው ላይ ይዞ ይቀራል፤ ቀድሞ መቀየር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። አሮጌውን አወጣሁ፣ ከረጢት ውስጥ ጣልኩ። አዲሱን መዘዝኩ። ጣቴ ፊቱ ላይ ነው፣ ክርኔ ጎድኔ ላይ ነው፣ ጠመንጃዬ ዓይኔ ሥር ነው፤ ሁሉም እንደተባለው። ገፋሁት። ቀጭ አለ፣ በመዳፌም ተሰማኝ። ልጎትተው እጄን ሳጠብቅ የኢሶቤ ትከሻ ከመኪናው ጥግ ብቅ አለ፤ ኩጊሚያም ሮጠ።

አልጎተትኩም። ተኮስኩ።

«ተመታሁ!» አለ ኢሶቤ፣ እጁን አንስቶ። ወዲያው ጡሩንባው ጫካውን አናጋው። ከሰገነቱ ላይ ደግሞ ጡሩንባውን የሚያስንቅ ድምፅ መጣ። አባቴ በባቡር ጭራ ላይ ይቆም እንደነበረው ደረቱን ነፍቶ ቆሞ፣ ጣቱን ከሩቅ እኔ ላይ ቀስሮ፣

«ልክ!»

እንባዬ መነጽሬን አደበዘዘው። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅሁት ነው፤ ማንም ይሳቅብኝ። ልቆም ጠመንጃዬን ቀና አደረግሁ። ካዝናው ከጠመንጃው ተንሸራቶ ቅጠሉ ላይ ወደቀ።

አየሁት። አልያዘም ነበር። የተኮስኳት ጉሮሮው ላይ የቀረችውን አንዷን ነው። ታዲያ በመዳፌ የተሰማኝ ቀጭታ ምንድን ነበር? ካዝናውን አነሳሁት። ጠዋት እንደ መስታወት የጠረግኩት ጥቁር ብረት ላይ የኑግ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። በጣቴ ስነካት ዱቄቷ ለቀቀ፤ የፍሬ ምት ናት።

ኩጊሚያ እየሳቀ እየሮጠ መጥቶ ካዝናውን አየው፣ ነጥቧን አየ፣ ሳቁ ቆመ። ከእጄ ቀማኝና ከረጢቴ ውስጥ ወሸቀው።

«አንቺም አላየሽም፣ እኔም አላየሁም» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«አንተ፣ ፊሽካው እኮ ለኔ ሊሆን ነው።»

«አውቃለሁ። ሽማግሌው እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ዝም በይ በቃ።»

እንዲህ ያለ ልብ አለው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። አባቴ የሰገነቱን ደረጃ አንድ በአንድ፣ ምርኩዙን እየተደገፈ ይወርዳል። ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞታል። ኢሶቤም ሊያመሰግነን ኮፍያውን አውልቆ ይመጣል። ልቤ ዝም በይ፣ ዝም በይ ይለኛል፤ እግሬ ደግሞ እንደ ልማዱ አንድ ቦታ አልቆም አለ። አባቴ ፊቴ ደርሶ ገመዱን ወደ አንገቴ ሲያነሳ ካዝናውን ከከረጢቴ መዝዤ አወጣሁት።

«አባዬ፣ ተመትቼ ነበር። ኢሶቤን ከመምታቴ በፊት።»

አባቴ ካዝናውን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው።

«ጎትተሽዋል?»

«አልጎተትኩም። ሲገባ የጮኸ መሰለኝ።»

«ኤጭ!» አለ ኢሶቤ ጺሙን እያሻሸ። «አንድ ተኩሼ ነበር እኮ! የሳትኩ መስሎኝ ስሸማቀቅ ነው ብቅ ያልኩት።»

አባቴ ምርኩዙን ለኩጊሚያ ሰጥቶ፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ለኢሶቤ ጎንበስ ብሎ ሰገደ። ብዙ ቆየ። እኔም ሰገድኩ። ኢሶቤ «ኧረ ይተዉ አለቃ፣ ኧረ በእግዜር» እያለ እሱም ሰገደ። ዳኛዋ ነገሩን ሰምታ ጨዋታው አሸናፊ የለውም አለች፤ የሩዙ ጆንያ ተመልሶ ዳሱ ውስጥ ገባ።

አባቴ ቀና ሲል ፊሽካውን ለኩጊሚያ ዘረጋለት።

«አለቃ፣ እኔ እኮ...» አለ ኩጊሚያ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«ያዝ። እጅህ ይጎትታል፤ ጠዋት አይቼሃለሁ። አፍህ ብቻ ነው የማይናገረው። ገመዱን ሳበው፣ ይዟል?»

ኩጊሚያ ገመዱን አንገቱ ላይ ሳብ አደረገ። «ይዟል።»

«ልክ» አለ አባቴ።

ተናደድኩ። እውነት ተናግሮ ልቡ ቀለለው የሚባል ሰው ወሬ ሰምቻለሁ፤ እኔን አልቀለለኝም። በገዛ አፌ ፊሽካውን አስነጠቅኩ፤ ያችን አንድ ቃልም ከሰገነት ላይ ተወርውራ ሳትደርሰኝ መለስኳት። ቦርሳዬን መኪናው ውስጥ ወርውሬ፣ በሩን በኃይል ዘግቼ ተቀመጥኩ። አባቴ ጎኔ ገብቶ በሩን ዘጋ፣ እጀታውን ጎተተ፣ ጣቱን ቀስሮ የራሱን ተናገረ። ጥርሴን ነክሼ ቀበቶዬን ሰካሁ። ቀጭ አለ።

ሞተሩን አስነሳሁ። እጄ መሪው ላይ ቆመ።

ወደ ቀበቶው ዞርኩ። ያዝኩትና ጎተትኩት። ደግሜ ጎተትኩት። አልመጣም። ፊት ለፊት የኢሶቤ ሰዎች ዕቃቸውን ይጭናሉ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሁሉም ይሰሙኛል። ጣቴን ቀሰርኩ።

«ቀበቶ ይዟል!»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሎኝ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልክ» አለ።

ፊቴን እንዳያይብኝ ቶሎ ነዳጅ ረገጥኩ። የእጅ ፍሬኑን አላወረድኩም ነበር፤ መኪናዋ ጮኸች፣ አባቴም ጮኸ።