የቤቱ አፍንጫ

«ኧረ ተይ፣ እትዬ! እንዳትነቅዪው!»

ሻይ የያዘ ለቀስተኛ ሁሉ ቀና አለ። ባል የሞተባት ሴት ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነበር። የሟቹ ታላቅ እህት የችግኝ ሳጥኑን እንዳቀፈች የበረንዳው ደፍ ላይ ደንግጣ ቆመች።

«ሣር ወርሶት እኮ ነው። የቱ ሣር፣ የቱ ሽንኩርት እንደሆነ በምን ይለያል?»

«ተይው ብቻ።»

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሙያውን ተወና፣ ራስ የማያበጀውን፣ እንደ ክር የቀጠነውን ቅጠል ሽንኩርት ከዘር ማብቀል ያዘ። ዘሩ እንደ ባሩድ ጥቁርና ደቃቅ ነው። አፈሩን እንደ ዱቄት ነፍቶ፣ ዘሩን በትኖ፣ ስስ አፈር አልብሶ፣ ውኃ በጣቱ ጫፍ እያርከፈከፈ ይጠብቃል። ቆይቶ ቆይቶ አንገቱን እንደደፋ ይወጣል። ሣሩም አብሮ ይወጣል፤ ሣር መቼ ተጠርቶ ያውቃል!

መለየቱ የሚስቱ ሥራ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሰዓት ዕቃ በቤንዚን ሲያጥብ የኖረ ሰው ምን አፍንጫ አለው?

«ነይማ፣ የቤቱ አፍንጫ» ይላታል፣ አንዷን ቀንጥቦ አፍንጫዋ ሥር እየያዘ። «ሣር ናት ወይስ ልጃችን?»

«ልጃችን ናት።»

«አይ አፍንጫ! ውሻ ያስቀናል እኮ!»

ግን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ያ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ካዋላት ወዲህ ለእሷም ምንም አይሸታትም ነበር። ልንገረው ብላ አፏን ስትከፍት፣ «እኔ ባረጅም አንቺ ደህና ነሽ» እያለ ሲጽናና ታየዋለች፤ መልሳ ትውጠዋለች። ቅጠሉን በጣቶቿ መሀል ማንከባለል ለመደች፤ ድቡልቡልና ውስጡ ባዶ ከሆነ ሽንኩርት፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ሣር። ከዚያ ለይምሰል ታሸታለች።

እህትየዋ ሳጥኑን አስቀምጣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«መቼስ ወንድሜ ዝንጉ ነበር። ማንቆርቆሪያ ጥዶ እዚያው ማድ ቤት ጋደም አለ፤ ውኃው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ የቡታጋዙ ጋዝ ፈጀው። ከገዛ ዝንጉነቱ በቀር ማንን ይወቅሷል?»

«ሽታው እንኳ እንዴት አልቀሰቀሰውም?» አለ ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው ሹፌር።

«ለሱማ መቼ ይሸተውና! ቤት ውስጥ ሰው ቢኖርለት ኖሮ ነው።»

ሚስትየዋ ሻይ የምታዞርበትን ትሪ መሬት ላይ አኖረች።

«ሰው ነበረ፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ለምሳ ከሥራ መጥቼ ነበር። የማድ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ አየሁት፤ ተኝቷል። የመንገዱ መኪና ጩኸት እንዳይቀሰቅሰው ብዬ በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁለት። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሣር ነቀልኩ። ለእኔ አይሸተኝም፣ እትዬ። ከታመምኩ ጀምሮ አይሸተኝም።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም። ጋዙ ቢሸተኝ ኖሮ መስኮት ከፍቼ…»

ሹፌሩ ብርጭቆው ውስጥ ዝንብ የገባ ይመስል ትክ ብሎ ያየው ጀመር።

«እኔ ደግሞ» አለች እህትየዋ ለማንም ሳይሆን፣ «የሞተ ሰው ዝንጉ እያልኩ ስወቅስ ሰነበትኩ።»

ነጠላዋን ሰበሰበች። ልትወጣ ነው ብላ ሚስትየዋ ከበሩ ፈቀቅ አለች። እህትየዋ ግን አልተነሳችም። ቀና ብላም አላየቻት። ብቻ የቀሚሷን ጠርዝ ወደ ራሷ ሰብስባ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች፤ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተለቀቀ።

ሚስትየዋ ቦታውን አይታ ቆመች። ቆይታ ቆይታ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።