አውራ ጣት አይሰጥም

የብርጓል የቀኝ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ከትታ አራቱን ጣቶች የቆለፈችበት፣ ያች ከባሕር ዳር የመጣች ልጅ «ስጦታ ነው» ባለች ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ደህና ስትሰማ ነበር። እንዲያውም የልጅቱን ጠባይ ወዳው ነበር፤ አትንጠባረርም፣ ትልቅ ሰው ስታይ ብድግ ትላለች። ኢኽላስ ይሏታል። አባቷ ባሕር ዳር ጨርቅ ነጋዴ ነው አሉ፤ እሷ ግን አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሯት፣ በሐይቁ ዳር መንደሮች እየዞረች ባል የሞተባቸውን ሴቶች ትመዘግባለች።

«ስጦታ ነው እማማ» አለች ኢኽላስ፣ ዋርካው ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ብድር አይደለም፤ አይመለስም። ስልኩንም እኛው እንሰጣለን፣ ገንዘቡ በእሱ ይገባልዎታል። የወደዱትን ያደርጉበታል። ከእርስዎ የሚፈለገው እዚች ወረቀት ላይ አውራ ጣትዎን ማሳረፍ ብቻ ነው።»

ስጦታና አውራ ጣት፣ ሁለቱ ከአንድ አፍ!

በዚያ መንደር ስጦታ ማለት በግ አይደለም፣ ቀሚስም አይደለም። ስጦታ ማለት መሬት ነው። ጧሪ ያጣ ሰው መሬቱን ለአንድ ጎበዝ በአውራ ጣቱ ይፈርምለታል፤ ጎበዙም እስከ ዕለተ ሞቱ ሊጦረው ቃል ይገባል። ይጦረዋል፣ ወይም አይጦረውም። ወለተ ሚካኤል ለክርስትና ልጇ ፈርማ አንድ ክረምት ብቻ ከእጁ በላች። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በሰው ጎጆ ጥግ ተጠግታ ትኖራለች።

«ሰጭው ማን ነው?» አለች የብርጓል።

«ድርጅቱ ነዋ እማማ።»

«ድርጅት እናት አባት የለውም። ሰውየውን ንገሪኝ። የማን ልጅ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ኢኽላስም አብራ ሳቀች። «ብዙ ሰዎች ናቸው፤ አዋጥተው ነው።»

«ያውቁኛል?»

«አያውቁዎትም።»

«እንግዲያ የማያውቀኝ ሰው ገንዘብ ከሰጠኝ፣ ወይ አብዷል፣ ወይ መሬቴን አይቷል። እብድ ደግሞ ተሰብስቦ አያዋጣም።» ምርኩዟን አነሣች። አውራ ጣቷን እንደቆለፈች ወደ ቤቷ ሄደች።

መሬቷ ባሕር ሸሽ ነው፤ ጣና በክረምት ውጦ በበጋ የሚተፋው ጥቁር አፈር። ባሏ አለበል ሲሞት የተወላት እሱን ብቻ ነው። ውኃው ሲሸሽ ሽንኩርት ቢተከልበት ራሱን እንደ ሕፃን ጭንቅላት ያወጣል። ግን በሬ የላትም፣ ሴት ደግሞ በዚያ አገር ዕርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ የአለበል የወንድሙ ልጅ ገድሉ እኩል ያርሰዋል። እኩል የሚለው እሱ ነው። ዘሩን እኔ አወጣሁ ይላል፣ የውኃ መሳቢያውን ሞተር እኔ ተከራየሁ ይላል፣ በመጨረሻ ለእሷ የሚደርሳት የበሰበሰውና አህያ የረገጠው ነው። ቀና ብላ «ይህ እኩል ነው?» ስትለው «እንግዲያ ሌላ አራሽ ይፈልጉ» ይላታል። ሌላ አራሽ በባዶ እጅ እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቁታል።

በማግሥቱ ጠዋት ገድሉ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በደንገል ልጥ አንጠልጥሎ መጣ።

«እንደምን አደሩ እትዬ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዓሣው ምንድር ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ! ከመረብ ሳወጣው እትዬ ትዝ አሉኝ።»

«አለበል ከሞተ ወዲህ ጣና ዓሣ ያለቀበት መስሎኝ ነበር።»

ገድሉ ያልሰማ መስሎ ሳቀና መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ትናንት አልፈርምም አሉ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ደግ አደረጉ። እነዚያ ሰዎች የሐይቁን ዳር ለሎጅ ሊጠቀልሉት ነው። ሐሙሲት ከተማ ሻይ ቤት ሲወራ በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ሻይ ቤቱስ ከማን ሰማ?»

«ሁሉም የሚያውቀው ነው እትዬ! ደግሞ እነዚህ ቢተዉ ሌላው ይመጣል። እርስዎ ብቻዎን ነዎት። መሬቱን በእኔ ስም ብናደርገው ማን ይደፍረዋል? አደራ ነው። እኔ እጠብቅልዎታለሁ፣ እስከ መጨረሻውም እጦርዎታለሁ።»

«ስጦታ ፈርሚልኝ ነው የምትለኝ?»

«በስመ አብ! ስጦታ ማን አለ? አደራ አልሁ እንጂ! ስጦታማ የሌባ ነው።»

አደራ የሚለው ቃል ሆዷን ነካው። አለበልም ነፍሱ ልትወጣ ስትል «መሬቷን አደራ» ነው ያላት። ገድሉ ከጎን ሲያዩት ትከሻው ራሱ አለበል ነው። «እስቲ ላስብበት» ብላ ሸኘችው። ከዚያ አንዱን ዓሣ ጠብሳ በላች፤ ዓሣው ምን አጠፋ? ሁለተኛውን ይዛ ወደ ወለተ ሚካኤል ሄደች።

ወለተ ሚካኤል ዓሣውን ስታይ ፊቷ በራ። «ከየት አመጣሽው እናቴ?»

«ገድሉ ሰጥቶኝ።»

ወለተ ሚካኤል ዓሣውን አስቀመጠችው። የፊቷም ብርሃን ጠፋ። «ምን አለሽ?»

የብርጓል አጠገቧ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነው ጠይቃት የማታውቀውን ጠየቀቻት። «ያ የክርስትና ልጅሽ ስጦታ ፈርሚልኝ ሲልሽ እንዴት ብለሽ እሺ አልሽው? አንች እኮ ሞኝ አልነበርሽም።»

«ስጦታ ማን አለኝ?» አለች ወለተ ሚካኤል። «ስጦታ ቢለኝማ በምርኩዜ አናቱን አልለውም ነበር? አደራ ነው ያለኝ። እጠብቅልሻለሁ፣ እጦርሻለሁ አለኝ። ስጦታ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ፍርድ ቤት ቆሜ ነው።»

የብርጓል አሁን ነገሩ ገባት። ይህን ሁሉ ጊዜ የምትፈራው ቃል የተሳሳተው ቃል ኖሯል። መሬት የሚበላ ሰው ስጦታ ብሎ አይጠራውም፣ አደራ ብሎ ነው የሚያቆላምጠው። ያች ልጅ ደግሞ ስጦታ የሚለውን ዋርካ ሥር በሴት ሁሉ ፊት ጮኻ ተናገረችው፤ ሌባ እንዲህ አይጮኽም።

«ዓሣውን ብይው» አለች ስትነሣ። «ዋጋውን እኔ አልከፍልለትም።»

ልጅቱን አመነች ማለት ግን አይደለም። ሁለት የምትጠረጥራቸው ነበሩ፤ የአንዱ ነገር ተገለጠ እንጂ ሌላዋ ነጻ አልወጣችም። ስለዚህ ኢኽላስ በሳምንቱ ስትመለስ የብርጓል ከሁሉ ቀድማ ዋርካው ሥር ደረሰች።

«ልፈርም መጣሁ። ግን አውራ ጣቴን አልሰጥሽም።»

«ታዲያ በምን ይፈርማሉ እማማ?»

«በትንሿ ጣት። ለዚያውም በግራዋ።» ዕድሜዋን ሙሉ በግራ ትንሽ ጣት ርስቱን ያስረከበ ሰው አይታም ሰምታም አታውቅም።

ኢኽላስ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጥታ ደወለችና ተመለሰች። «ይሆናል አሉ።»

«ምነው ቶሎ እሺ አሉ?»

«ኧረ እማማ! እምቢ ቢሉስ እርስዎ ምን ሊሉ ነበር?»

«መሬታችንን ሊወስዱ ነው እል ነበር።»

«እሺ ሲሉስ?»

«እሱንም እላለሁ። በይ፣ በምታምኝው ማይልኝ። ሁሉም ይስማ።»

ኢኽላስ ቆመች። «ወላሂ፣ መሬት የለበትም።» ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። የብርጓል የግራ ትንሽ ጣቷን ቀለሙ ላይ ነከረች፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ግን እንደተቆለፈ ነበር።

ገንዘቡ በመስከረም ገባ። ስልኩ ቀሚሷ ውስጥ እንደ ፌንጣ ሲንጫጫ ልትጥለው ነበር። ሐሙሲት ወርዳ፣ የስልክ ገንዘብ ከሚመነዝረው ከሙሔ ሱቅ ብሩን ወሰደች። ሙሔን ታውቀዋለች፤ አባቱ ለአለበል በዱቤ ጨው ይሰጥ ነበር። በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ የገዛችው ጓጉንቸር ነው፤ በሯ ከዚያ በፊት ተቆልፎ አያውቅም፣ ምን ኖሮ? የቀረውን በጎታው ጤፍ ውስጥ ቀበረችና ባለቤቱ መጥቶ እስኪጠይቃት ጠበቀች። ውሻ በጮኸ ቁጥር በር ላይ ብቅ ትላለች። መስቀል አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ስልኩ ደግሞ ተንጫጫ፤ ሁለተኛው ገንዘብ ገባ። የመጣ ሰው የለም።

«ሌባ ቢሆን እስካሁን ይሰለቸው ነበር» አለች ለወለተ ሚካኤል። ያን ቀን ለሁለቱም ዘይትና ጨው ገዝታ ነበር። «እንደኔ የሚታገሥ ሌባ ካለ ግን እንጃ።»

ኅዳር ላይ ጣና መሸሽ ጀመረ። ገድሉ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እያፏጨ ወደ ባሕር ሸሹ ወረደ። ሲደርስ ፉጨቱ ቆመ። የተክለ ጊዮርጊስ ጥማድ እርሻውን እኩሌታ አድርሶታል። ተክለ ጊዮርጊስ ከወዲያኛው ቀበሌ ነው፤ በሬዎቹን የሚያከራይ፣ ዝም ብሎ የሚያርስ ሰው። ዳሩ ላይ የኪራይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቆሟል፣ ከሞተሩ አጠገብ የሽንኩርት ዘር በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል፣ ከዘሩ አጠገብ የብርጓል ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ይህ ምንድር ነው?»

«እርሻ ነው። አታውቀውም?»

«መሬቱ እኮ የእኔና የእርስዎ እኩል ነው!»

«እኩል የነበረው ምርቱ ነው። እሱንም አንተ ብቻ ነህ ያየኸው።»

«ገንዘቡን ማን ሰጠዎት?»

«ስጦታ ነው» አለች የብርጓል፤ ቃሉን አፏ ውስጥ ቀስ አድርጋ አጣጣመችው። «ይልቅ እነዚህ በሬዎችህ ያምራሉ። ዘመኑ ክፉ ነው፣ ሌባው ብዙ ነው። በእኔ ስም እናድርጋቸው። አደራ ነው፤ እጠብቅልሃለሁ።»

ተክለ ጊዮርጊስ በሬዎቹን አቁሞ ጀርባውን ሰጣቸው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የገድሉ ፊት ቀላ። «እኔን ጠረጠሩኝ ማለት ነው? የአለበልን ሥጋ?»

«አንተን ብቻ መሰለህ?» አለች። «ገንዘቡን የሰጡኝንም እንደጠረጠርሁ ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ እስካሁን ዓሣ አላመጡልኝም።»

ገድሉ በሬዎቹን አዙሮ ዳገቱን ያዘ። የብርጓል እስኪሰወር በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ወደ አራሹ ዞረች።

«አንተ ተክለ ጊዮርጊስ! ሳቅህን ጨርሰህ እንደሆነ ጠለቅ አድርገህ እረስ። ያችን ጥግ ስትዘላት አየሁህ።»

«መች ዘለልሁ እማማ?»

«ልትዘል ነበር» አለች፤ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ እንደከተተች።