ጎታ ያለበት ቤት

«አልፋቲሃ» አለ አንድ ድምፅ ከለቅሶው ድንኳን ደጃፍ።

በቢከር ተነሣና መዳፎቹን ዘረጋ። የመጣው ሰው ማን እንደሆነ አላየም። ከንፈሮቹ የለመዱትን አነበነቡ፣ ፊቱን በመዳፎቹ አበሰ፣ «አላህ ይራሕማት» ሲባል «አሚን» አለ፣ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ገና ሳይደላደል ሌላ «አልፋቲሃ» መጣ። ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ሲነሣና ሲቀመጥ ውሎ፣ አሁን ዝም ብሎ ተቀምጦም ሰውነቱ እንደ ጀልባ ይወዛወዝበት ነበር።

የድንኳኑ ጨርቅ አረንጓዴ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ በጨርቁ አልፋ የሰዉን ፊት ሁሉ አረንጓዴ ስላደረገችው፣ ከግቢው ማዶ የሚመጣው የሴቶቹ ድምፅም እየራቀ እየቀረበ ስለሚሰማ፣ በቢከር ሁሉም ሰው ከወንዙ ውሃ ሥር ተቀምጦ የሚያወራ መሰለው። የጥጥ መዳመጫው ሥራ የሚበዛበት ወራት በመሆኑ ከፋብሪካው የሚበን ብናኝ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዱ ብናኝ ሻይ ብርጭቆው ላይ አረፈ። አላነሳውም።

እናቱ ሃጃ ስታና የሞተችው ትናንት ጎሕ ሲቀድ ነው። ሱብሒ ሰግዳ እዚያው መስገጃዋ ላይ ቀረች። የበቢከር ሚስት አረፋ ሻይ ልትሰጣት ስትገባ በጎኗ ጋደም ብላ አገኘቻት፤ የተኛች መስሏት ነጠላ ደርባላት ወጣች። ሲያስታውሰው የሚያቃጥለው ይኸ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉም «እንዳትነቃ» እያሉ በሹክሹክታ ነበር ያወሩት።

ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች ይንሾካሾካሉ።

«ይሄ ቤት ያን ጊዜ የቆመው በሷ ጎታ ነው።»

«እንዴታ። በከተማችን በወድ ሃሹም ማን ያልሳቀባት አለ? በኋላ ግን ሳቂውም ሰሐን ይዞ መጣ።»

እውነት ነው፣ ቀድሞ የሳቀው ራሱ በቢከር ነበር። እናቱ ባሚያ በወጣ ቁጥር ግማሹን ከትፋ ጣራ ላይ ታሰጣለች። ቲማቲሙን ሰንጥቃ፣ ሽንኩርቱን ዘልዝላ፣ የዒዱን በግ ሥጋ ቋንጣ አድርጋ ገመድ ላይ ትሰቅላለች። ማሽላው በሦስት ጎታ ሞልቶ አፉ በጭቃ ተመርጓል።

«እማ፣ ጦርነት ሊመጣ ነው እንዴ?» አላት አንድ ቀን፣ ከሥራ ሲገባ ጭንቅላቱ ከገመዱ ጋር ተጋጭቶ።

«ሰውን የሚያስርበው ጦርነት ብቻ ነው?»

«ደሞዝ አለኝ፣ ገበያ አለ። ምን ጎደለን?»

«ምንም አልጎደለንም። ስለዚህ ነው የማደርቀው።» ቢላዋዋን አላቆመችም። «አላህ የሰጠህን ባሚያ አበስብሰህ አልሐምዱሊላህ ብትል፣ ምስጋናህ ከጥርስህ አላለፈም። ስጦታን የሚያከብር ያስቀምጣል።»

እሱ ስቆ ገባ። በዚያው ዓመት፣ የመዳመጫው ወራት ሊጀመር ሲል፣ ፋብሪካው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከሥራ የሚቀነሱ የአርባ አንድ ሰዎች ስም። የመጨረሻው የሱ ነበር። ከሱ ጋር አንድ ማሽን ላይ የሚሠራው የሐሙዳ ስም አልነበረበትም። በቢከር ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አነበበ። ከዚያ በቀጥታ ቤቱ መግባት አቅቶት ወንዙ ዳር እስኪጨልም ተቀመጠ። ወረቀቱን የጻፉት፣ «ዓም»፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ዓም ሙኽታር ነበሩ፤ የፋብሪካው ዋና ጸሐፊ፣ የሟች አባቱ ባልንጀራ፣ ልጅ ሳለ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ገበያ የወሰዱት ሰው።

ለእናቱ ሲነግራት ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ተቀመጠች። በመጨረሻ «አልሐምዱሊላህ፣ በሁሉም» አለች።

«ለዚህም?» አለ።

«ለዚህም።»

የመጀመሪያው ጎታ በማግስቱ ተከፈተ።

ችግሩ ሁለት ዓመት ቆየ። ታላቅ ልጁ ሪሃብ ሲንጃ ከተማ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ትታ ወደ ቤት ተመለሰች። እሱ ወንዙ ሲሸሽ የሚተወውን ለም ዳርቻ እየቆፈረ ባሚያና ሽንኩርት ተከለ፤ እጁ ከማሽን ሌላ ስለማያውቅ በመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ጠወለገ። እናቱ ግን በየማታው፣ ኪስራው፣ ስሱ የማሽላ እንጀራ፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ ርሶ ትሪው ሲቀርብ፣ ሳይበላ በፊት እያንዳንዱን ትጠይቃለች፤ «ዛሬ ምን አገኘሽ? አንተስ?» ሪሃብ «እርሳስ ወድቆ አገኘሁ» ትላለች። አረፋ «ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር» ትላለች።

«አንተስ፣ በቢከር?»

«ምንም።»

«ምንም ያላገኘም አልሐምዱሊላህ ብሎ ይብላ» ትለውና ሥጋውን ወደሱ ትገፋለች።

በዚያው የለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ድንኳኑ በድንገት ጸጥ አለ።

ዓም ሙኽታር ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። አርጅተዋል። ነጭ ጀለቢያቸው ከትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለ እንጂ የለበሱት አይመስልም። ሰው ሁሉ በቢከርን ያያል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታቸውን እንዳልመለሰ፣ መስጊድ እንኳ ከሳቸው ጋር አንድ ረድፍ ላይ እንደማይቆም የማያውቅ አልነበረም።

«አልፋቲሃ» አሉ፣ መዳፎቻቸውን ዘርግተው።

ለቅሶ ቤት ውስጥ የተዘረጋ መዳፍ ብቻውን አይተውም። በቢከር ተነሣ፤ እጆቹን ከደረቱ ሳያርቅ፣ ግማሽ ብቻ ዘረጋ። አነበነቡ። ፊታቸውን አበሱ። ሽማግሌው ግን እንደሌላው ሰው ሄደው አልተቀመጡም።

«የምነግርህ አለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አደራ ነው። ከድንኳኑ እንውጣ።»

ከግቢው ጀርባ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ወጡ። በቢከር እንቅልፍ ካጣ ሁለት ቀኑ ነው፤ የዛፉ ጥላ መሬቱ ላይ ውሃ መስሎት እንዳይረግጠው ዘለል አለ።

«እናትህ ያን ጆንያ ተሸክማ ቤቴ የመጣች ቀን ምን አልካት?» ብለው ጠየቁ።

ረስቶት አያውቅም። እሳቸው ራሳቸው ከሥራ በተባረሩ ጊዜ ነው፤ ፋብሪካው ግማሹን ማሽን ሲያቆም ጸሐፊም አያስፈልገኝም አለ። እናቱ ከሁለተኛው ጎታ ማሽላ ቀድታ፣ ባሚያና ቋንጣ ጨምራ፣ በጠራራ ፀሐይ ጆንያውን ራሷ ላይ ጭና፣ ገበያውን አቋርጣ ወደ ሙኽታር ቤት ሄደች። ከተማው ሁሉ አየ። ስትመለስ በቢከር ደጃፉ ላይ ጠብቋት፣ «የልጅሽን እንጀራ የቆረጠውን ሰው ትቀልቢያለሽ? የሱ እናት ሁኚ እንግዲያስ» አላት። አልጋውንም ከሷ ወገን አንሥቶ ከግቢው ማዶ አደረገ፤ በጋው እስኪያልፍ እዚያው ተኛ።

«የተናገርኩትን አውቃለሁ» አለ አሁን።

«እኔም ሰምቻለሁ፤ ጎረቤት ነገረኝ።» ዓም ሙኽታር የዛፉን ግንድ ተደገፉ። «ስማኝ ልጄ። አርባው ስም ከላይ የመጣ ነው። የቀረኝ አንድ ስም ነበር። ከእናንተ ማሽን አንድ ሰው ይውጣ ተባልኩ፤ ወይ አንተ ወይ ሐሙዳ። ሦስት ቀን አልተኛሁም። በመጨረሻ ወደ እናትህ መጣሁ።»

«ወደ እናቴ?»

«የአባትህ ቤት ነው ብዬ። እውነቱን ልንገርህና፣ እንድትለምነኝ ነበር የፈለግሁት። ብትለምነኝ ሐሙዳን ጽፌ፣ 'ስታና ለምናኝ ነው' ብዬ እተኛ ነበር። እሷ ባሚያ ትከትፋለች። 'ሐሙዳ ስንት ልጅ አለው?' አለችኝ። 'ሰባት' አልኳት። 'ቤታቸው ምን አለ?' አለችኝ። 'ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ ምን ይኖራል' አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች። 'እንግዲያው የኔን ልጅ ጻፈው፤ እኔ ጎታ አለኝ' አለችኝ።»

ከሩቅ የመዳመጫው ማሽን ይሰማል፤ በቢከር ሲያድግ በዚያ ድምፅ ተኝቶ በዚያ ድምፅ ነቅቷል።

«'ምን ልበለው?' አልኳት። 'ምንም አትበለው። መጥላቱ ካልቀረ አንተን ይጥላህ። አንተ ባዳ ነህ፣ ትችለዋለህ፤ እኔን ከጠላ ግን ማን ያጽናናዋል? ከሞትኩ በኋላ ንገረው' አለችኝ። ይኸው ነገርኩህ። አደራዬን አወረድኩ።»

«ሐሙዳስ ያውቃል?»

«እኔ፣ እሷ፣ አላህ። አሁን አንተ።»

ሽማግሌው እጃቸውን በትከሻው ላይ ለማኖር አነሡና መልሰው አወረዱ። በግቢው ጥግ ቀስ ብለው ሲሄዱ በቢከር እያያቸው ቆየ።

ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም። ገብቶ ጎታዎቹ ካሉበት ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ የደረቀ ቲማቲም ይሸታል። አንድ ጊዜ እናቱ ከጎታው ጀርባ ጎንበስ ብላ የምትፈልገውን ስትፈልግ ያየ መሰለው። «እማ» አለ። ድምፁ ጎታው ውስጥ ገብቶ ተመለሰ።

የመጣችው አረፋ ነበረች። እሱን ፍለጋ ወጥታ ነው። የሰማውን ሁሉ ነገራት።

«ማን ፈቀደላት?» አለ በመጨረሻ። «የኔ ሕይወት ነው። ሪሃብ ከትምህርት ቤት ቀረች። እኔ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ሁለት ዓመት ስናዝን እያየች፣ ማን ፈቀደላት?»

አረፋ ተቆጥታ እንደሆነ፣ ደንግጣ እንደሆነ ፊቷ አይታይም። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ማንም አልፈቀደላትም» አለች። «ብትጠይቅህ እሺ ትላት ነበር?»

«አልልም።»

«እኔም አልልም። ሰባቱ ልጆች የኔ አይደሉም።» እጇን ጎታው ላይ አሳረፈች። «የሃጃን ጾም ታስታውሳለህ?»

«ሰኞና ሐሙስ?»

«እናንተ ፊት ሰኞና ሐሙስ። እኔ ግን ወጥ የማወጣ ነኝ፤ አያለሁ። ያን ሁለት ዓመት ግን ሳምንቱን ሙሉ ነው የጾመችው። ሲመሽ በሦስት ተምርና በውሃ ታፈጥርና፣ ትሪው ሲቀርብ እጇን ታገባለች፣ ታወጣለች፣ ትጠይቃችኋለች፤ 'ዛሬ ምን አገኘህ' እያለች። እናንተ ስታወሩ እሷ እንዳልበላች አታዩም። 'ሃጃ፣ ምነው?' ስላት 'ስለት አለብኝ፣ ዝም በይ' አለችኝ። ለጤናህ የተሳለች መስሎኝ ነበር።»

በቢከር ጭንቅላቱን ጎታው ላይ አስደገፈ። ጭቃው ይቀዘቅዛል። ቁጣው አልሄደም፤ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ምንጭ ውሃ እየገባ፣ ቁጣውን ቀስ በቀስ ያንሳፍፈው ጀመር። ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። አረፋ አላባበለችውም። በሩን ብቻ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው አብቅቶ ምንጣፎቹ ተነሡ። ከመነሣታቸው በፊት ግን ለነፍሷ ሰደቃ ሆኖ ምሳ ቀረበ። አረፋ ጎረቤት ከላከው ሩዝና ሥጋ ሌላ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ከማሰሮው የቀረውን የሃጃን ደረቅ ባሚያ ሁሉ አውጥታ ሠርታው ነበር። ትሪዎቹ በድንኳኑ ውስጥ ተዘረጉ፤ በየትሪው ሰባት ስምንት ሰው ከበበ።

በቢከር ለቅርብ ዘመዶች ከቀረበው ትሪ ተነሥቶ፣ መካከሉን አቋርጦ፣ በዓይኑ ሲፈልግ ሐሙዳን መጨረሻ ላይ፣ ከደጃፉ አጠገብ አገኘው። ከፋብሪካ በቀጥታ መምጣቱ ያስታውቃል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ጥጥ ለብሷል። ሐሙዳ የበቢከርን መምጣት ሲያይ ደንግጦ ጠጋ አለለት። ከወረቀቱ ቀን ወዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም።

«ቢስሚላህ» አለ በቢከር፣ ተቀምጦ።

«ቢስሚላህ።» ሐሙዳ ኪስራውን ወጡ ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። «ይሄ የሃጃ እጅ ነው» አለ።

«የመጨረሻው ነው።»

«ልጆቼ ያውቁታል ይህን ጣዕም። ትልክልን ነበር፤ አልሰማህ እንደሆነ።» ሐሙዳ ወጡን እያየ እንጂ እሱን እያየ አልነበረም። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ያን ጊዜ፣ ስሜ ከወረቀቱ ላይ ሲቀር፣ አንተን ማየት አፍሬ ነው የሸሸሁህ። ለምን እኔ ቀረሁ ስል ከርሜያለሁ። ሚስቴ 'የሃጃ ስታና ዱዓ ነው' ትለኛለች። ለኛ ታደርግልን ነበርና።»

እውነቱ በበቢከር ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ሐሙዳ ፊቱ ገርጥቷል፣ ጣቶቹ በማሽኑ ሥራ ጠምመዋል፤ ለሰባት ልጆች የቆመ ሰው ነው። ይህን ቢሰማ ከነገ ጀምሮ የሚበላው ኪስራ ሁሉ እንደ እዳ ይከብደዋል።

«ሚስትህ ልክ ናት» አለው። «የሷ ዱዓ ነው።»

ሐሙዳ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ቀለለው ያስታውቃል።

ከውጭ ድንኳኑን የሚፈቱት ሰዎች ገመዱን ማላላት ጀምረዋል፤ ጨርቁ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፣ ብርሃኑም ከአረንጓዴነት ወደ ተራው የቀን ብርሃን ተመለሰ። በቢከር ትሪው መካከል የነበረውን ትልቁን ሥጋ በጣቶቹ አነሣና ሐሙዳ ፊት አኖረው።